ከግድግዳ የወረደው ባል

የወንጀል ምርመራ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የታደሉ ናቸው። ሌባውን አስቀድመው ያውቁታል። ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይጽፉ ማን እንደሰረቀ፣ በየት በኩል እንደገባ፣ የሰረቀውንም የት እንደሸሸገ ጨርሰው ያውቁና ሻያቸውን ፉት እያሉ ከኋላ ወደ ፊት ይጽፋሉ። ከፊት ወደ ኋላ የምንዳክረው እኛ አንባቢዎቹ ነን። በኑሯችንማ ጭራሽ አልታደልንም። አንድ እግር ካልሲ ሲጠፋብን እንኳ መጨረሻውን ሳናውቅ ነው አልጋ ሥር የምንገባው።

ይህን የምላችሁ እንዲያው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ዲላ ላይ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት አለፈኝ። ከማስተምራቸው ነገሮች ሁሉ የምትጥመኝ «የመርማሪ አጭር ልብ ወለድ እንዴት ይዋቀራል?» የምትለው ርእስ ናት። እሷን በማስተምርበት ቀን ሸሚዜን አስተኩሳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰላም አለ። ሰላሙ መርዘም የለበትም፤ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ከዚያ አንድ ነገር ይጎድላል፣ ሰው ወይም ዕቃ። መርማሪው ይጠራል። ተጠርጣሪዎች ይሰለፋሉ። ፍንጭ በየቦታው ይንጠባጠባል፤ እውነተኛውም ፍንጭ አሳሳቹም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት። ሁሉም ሰው ጣቱን ወደ አንድ ምስኪን ይቀስራል። ምስኪኑ ግን ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ማንም ልብ ያላለው ሰው ነው። በመጨረሻ መርማሪው ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበስብና ጉሮሮውን ጠርጎ «ጥፋተኛው ከመካከላችን ነው» ይላል። ስም ይጠራል። አለቀ። እኔም እዚህ ላይ ስደርስ ጠመኔዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ተማሪዎቼ ያጨበጭባሉ። ምን ያደርጋል፣ ማጨብጨብ ጥሩ ነገር አይደለም፤ ሰው የሚያስተምረውን ነገር የሚችለው ይመስለዋል።

አሁን ወደ ሰላሙ አንቀጽ ልግባ። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሲስተር ዘነበች ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ መርፌ ወግተዋል። መንገድ ላይ «እንደምን ዋሉ ሲስተር» እያለ ሳያውቀው አንድ እጁን ወደ መቀመጫው የሚሰድ ጎልማሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤታቸው አቶ ወልዴ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ካረፉ ቆይተዋል፤ ፎቶግራፋቸው ግን ሳሎኑ ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ፣ በመስታወትና በጥቁር ፍሬም ተሰቅሎ ቤቱን ያስተዳድር ነበር። ከረባታቸው የጠበቀ፣ ጢማቸው የተከረከመ፣ ዓይናቸው የትም ብትቀመጡ የሚከተል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ዲግሪዬ፣ እዚያ ሶፋ ላይ ስቀመጥ የቤት ሥራዬን ያልሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ከእኔ ሌላ በግቢው ያለው ተከራይ ታሪኩ ነው። ይርጋጨፌ አጠገብ ካለችው ከኢዲዶ የመጣ የቡና ገበሬ ልጅ ነው፤ በግብርና ሁለተኛ ዲግሪውን ለመጨረስ የመመረቂያ ጽሑፉን ማቅረብ ብቻ ነበር የቀረው። ቧንቧ ሲበላሽ ታሪኩ፣ አምፖል ሲቃጠል ታሪኩ፣ ሲስተርን ወገባቸውን ሲይዛቸው ገበያ የሚሄደው ታሪኩ። እኔ ምን እሠራለሁ? እኔ ስለ ሥነ ጽሑፍ አወራላቸዋለሁ።

እንግዲህ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሐዋሳ የምትሠራው ብቸኛ ልጃቸው ሕይወት በቪዲዮ ደወለች። ሲስተር ስልክ ሲይዙ የሚታየው ግንባራቸው ብቻ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስልኩን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ያዝኩ። እናትና ልጅ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወገብ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ ተጨዋወቱ። እኔም ክንዴ ሲዝል ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩት። ስልኩ በመንገዱ ግድግዳውን አሳየ።

«እማ! የአባዬ ፎቶስ?»

ዞር ስል አቶ ወልዴ የሉም። ግድግዳው ባዶ ነው። ማክሰኞ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ያን ጊዜ ይኑሩ አይኑሩ እንኳ ብትገርፉኝ አላውቅም።

ሲስተር «ጠፋ» አሉ።

«እንዴት ይጠፋል? ተሰረቀ?»

«አዎ፤ ተሰረቀ መሰለኝ።»

«ማነው ቤት የገባው?»

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ምሁር ነኝና «ሰኞ ዕለት ታሪኩ አምፖል ሊቀይር ገብቶ ነበር» አልኩ። ክፋት አልነበረኝም፤ እውነት ነው ብዬ ነው። እውነት ብቻዋን ስትወጣ እንዴት ያለ ጉዳት እንደምታደርስ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ሕይወት ፊቷ ተቀየረ። ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። ፎቶው እስከዚያ ካልተገኘ ልጁ ክፍሉን ይልቀቅ አለች። ሲስተር «ኧረ እሱ እንኳ…» ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት ስልኩ ተዘጋ። ሲስተርም ተነስተው ወጥ ቤት ገቡ።

እኔና ባዶው ግድግዳ ቀረን። አያችሁ አወቃቀሩን? ሰላም ነበረ፤ አንድ ነገር ጎደለ፤ ጣት ሁሉ ወደ ምስኪኑ ተቀሰረ። ልዩነቱ የመጀመሪያዋ ጣት የመርማሪው መሆኗ ነው። ያበላሸሁትን ማቃናት አለብኝ ብዬ ምርመራውን ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ታሪኩን አነጋገርኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጽሑፉን ያርማል። ስለ ቪዲዮው ስነግረው አልተቆጣም፤ እስክሪብቶውን ብቻ ከደነ። ፍቅሬን ለማሳየት ይሁን ከጭንቀት አላውቅም፣ ስለ መርማሪ ታሪክ ሴራ ገለጻ ጀመርኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ እናንተ አማርኛው ላይ ሴራ ስትሉ ተንኮል ነው አይደል? እኛ ጌዴኦዎቹ ሴራ ስንል ሕግ ነው። ኦሮሞውም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሴራ ሴራ እያልኩ ሳስተምር እነዚያ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ለምን እንደሚተያዩ ያን ቀን ገባኝ።

«እሺ፣ ፎቶውን ማን የወሰደው ይመስልሃል?» አልኩት።

«ተወው ጋሼ» አለና ወደ ጽሑፉ ተመለሰ።

ተወው ይባላል? ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር! ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ወጥ ቤት ሳሉ ሳሎን ገብቼ ግድግዳውን በጣቴ ዳበስኩ። ሚስማሩ የለም። የሚስማሩ ቀዳዳም የለም። ቀዳዳው በነጭ ሳሙና ተደፍኖ፣ ከኖራው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ታብሷል። እንዴት ያለ ጨዋ ሌባ ነው? ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል እንጂ ግድግዳ ይጠግናል ሲባል ሰምታችኋል? ይህ የሌባ እጅ አይደለም። መርፌ ከነቀለ በኋላ ቦታውን በጥጥ የሚጫን እጅ ነው።

ማንም ልብ ያላለው ሰው ማነው? ተበዳዩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሰባት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ግድግዳ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። የቀረኝ «ለምን?» የሚለው ብቻ ነበር። ለምን የሚለው ደግሞ ዓርብ ዕለት በሞተር ሳይክል መጣ።

ሞተሩን ያቆሙት አቶ በራሶ ነበሩ። ጌዴብ ወረዳ፣ ወርቃ የሚኖሩ ቡና አምራች ናቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ አቮካዶ ወይም ማር ይዘው ወደ ሲስተር ይመጣሉ። እኔ ዝምድና አላቸው ብዬ ነበር የማስበው። ያን ቀን አዲስ ኮት ለብሰዋል። ሲስተር እስከ በር ወጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነጋገሯቸው። ሰውየው አቮካዶውን አስቀመጡ፣ ኮታቸውን አዩ፣ ሞተሩን አዙረው ሄዱ። ሲስተር ሞተሩ ከዓይን እስኪሰወር በሩ ላይ ቆዩ።

ወደ ታሪኩ ሄድኩና የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ ሳሙናውን፣ ሚስማሩን፣ ኮቱን። ከዚያ በኋላ መደበቅ ስላልቻለ ሲስተር ቀደም ብለው ያዋዩትን ነገረኝ። የአቶ በራሶ ባለቤት ታማ ዲላ ስትመላለስ፣ መጨረሻም አልጋ ላይ ስትውል፣ እስከ ወርቃ ድረስ እየሄዱ ያስታመሟት ሲስተር ናቸው። ሴትየዋ ካረፈች አምስት ዓመት ሆነ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አቮካዶ ማምጣት አላቋረጡም። አሁን ደግሞ ለመጪው እሁድ ሽማግሌ ሊልኩ አስበው ነበር። ሲስተር ማርያምን የሚሳለሙ፣ አቶ በራሶ ጸሎት ቤት የሚዘምሩ፤ ሲስተር ስልሳን ያለፉ፣ ልጅ ያላቸው። ሰው ምን ይላል? ሕይወትስ ምን ትላለች? ከሁሉም በላይ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ሶፋው ላይ ነው፤ ከሶፋው ትይዩ ደግሞ አቶ ወልዴ አሉ። ሲስተር በባላቸው ዓይን ፊት ለሌላ ሰው እሺ ማለት አቃታቸው። እናም አወረዷቸው። ልጃቸው ድንገት ስትጠይቅ ደነገጡ፤ «ተሰረቀ» የሚለውን ቃል እንኳ ያቀበለቻቸው ሕይወት ራሷ ናት።

«አንተ ይህን ሁሉ እያወቅክ ነው ዝም ያልከው?» አልኩት። «ነገ ልትባረር ነው እኮ! ጽሑፍህን ልታቀርብ ሁለት ሳምንት ቀርቶህ!»

ታሪኩ መጽሐፎቹን ካርቶን ውስጥ እየደረደረ ነበር። የከተማችን አማርኛ ስለ ወንድና ሴት ብዙም አይጨነቅም፤ እሱም በዚያው አማርኛ፣ «ጋሼ፣ እኔ ቤት ባጣ ሌላ ቤት አገኛለሁ። ሲስተር ግን ስሙ ከተበላሸ ሌላ ስም ከየት ያመጣል?» አለኝ።

አስተማሪው ይህ ልጅ ነው እንጂ እኔ ነኝ?

ቅዳሜ ደረሰ። ሕይወት ከሐዋሳ በጠዋቱ መኪና መጥታ ሳሎን ተቀመጠች። ታሪኩ ካርቶኑን በረንዳ ላይ አኑሮ በሩ አጠገብ ቆመ። ሲስተር ሶፋው ጫፍ ላይ ናቸው። የስንቱን ሰው ክንድ ሳይርበተበቱ የወጉት እጆቻቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። እኔ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ማታውን ስዘጋጅ ያሰብኩት ነገር ቢኖር፣ በደንብ ካስረዳሁ ሁሉም ይገባዋል፣ ታሪኩም ይድናል የሚል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ራሴን አበረታሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ጥፋተኛው ከመካከላችን ነው» አልኩ።

ሲስተር ቀና ብለው አዩኝ። ያ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም። ልመና አልነበረበትም፤ መርፌ ለመወጋት የተዘጋጀ ሰው አስተያየት ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መርማሪው ስሙን ከጠራ በኋላ የት ነው የሚሄደው? ባርኔጣውን አድርጎ ባቡር ይሳፈራል። በማግስቱ ከወንጀለኛዋ ጋር አንድ ቧንቧ አይቀዳም። በአንድ በር አይገባም አይወጣም። ስሟ በአደባባይ የተጠራው ሴት እንዴት እንዳደረች የሚጠይቀው የለም፤ ልብ ወለዱ አልቋላ! የእኔ ባቡር የት አለ? እኔ እኮ እዚሁ ነዋሪ ነኝ።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አልኩ።

ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት እኔ ነበርኩ። አፌ ግን አልቆመም። ማክሰኞ ሻይ ልጠጣ ገብቼ ሳለ ፎቶውን ቀረብ ብዬ ላየው ስል ወደቀብኝ፣ መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ አፈርኩ፣ ሳልናገር መስታወት ላስቀይርለት ወሰድኩት አልኩ። ተማሪ እንዲህ ያለ ታሪክ ጽፎ ቢያመጣልኝ ከአሥር ሁለት አልሰጠውም። ሚስማሩስ? ሳሙናውስ? ረቡዕ ስልኩን ይዤ ለምን ዝም አልኩ? ሕይወት ግን ከነዚህ አንዱንም አልጠየቀችም። ለረዥም ጊዜ አየችኝና «የት ነው ያሠራኸው?» አለች።

«መናኸሪያው ጎን ካለው መስታወት ቤት።»

«ዛሬ ይደርሳል?»

«ከሰዓት በኋላ» አልኩ። ምን ልበል?

«እጠብቃለሁ» አለች።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሲስተር አቶ ወልዴን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ስገልጠው መስታወቱ ደህና ነው፤ ጭረት እንኳ የለውም። ለካ የውሸት ነገር እንዲህ ነው፤ ከተናገሩት በኋላ ሥራው ይጀምራል።

«ስበረው» አሉኝ ሲስተር በሹክሹክታ።

«እኔ? አቶ ወልዴን?»

ፎቶውን ከእጄ ነጠቁኝና ከድንጋይ ላይ ሊጥሉት ከፍ አደረጉት። ከፍ እንዳደረጉት ፊቱን አዩት። ቀስ ብለው አወረዱትና በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ጠረግ ጠረግ አደረጉት። «ምን አደረገኝ እሱ?» አሉ። «ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም።» ከዚያ መልሰው ሰጡኝና ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ እዚያው ቆሜ ዓይኔ ውስጥ የገባውን ነገር ጠረግኩ።

መስታወት ሠሪው ፍሬሙን አገላብጦ አየ። በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«መምህር፣ ምኑ ነው የተበላሸው?»

«መስታወቱን ቀይረው።»

«ደህና ነው እኮ።»

«አርጅቷል።»

«መስታወት ያረጃል እንዴ?» አለና እንደ በሽተኛ አዘነልኝ። ደግ ሰው ነው፤ ቀየረው። አዲሱ መስታወት ከአሮጌው የሚለየው በምንም አልነበረም።

ሕይወት ፎቶውን ተቀብላ አየች፤ ታሪኩንም ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ካርቶኑን ተሸክሞ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሲስተር ምሳ አቀረቡ። ስለ ዝናቡ ተጨዋወትን። ሁሉም ነገር በሰላም አለቀ ብዬ ስለ ራሴ ብልሃት ትንሽ መኩራት ጀምሬ ነበር።

እሁድ ጠዋት ሕይወትን መናኸሪያ ድረስ ቦርሳዋን ይዤ ሸኘኋት። ሚኒባሱ «ሐዋሳ! ሐዋሳ!» እየተባለ ይሞላል። አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ቆመች።

«መምህር፣ ሰውየው ማነው?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«እማ ልታገባው ያሰበችው።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ሊሄድ ነው፤ ረዳቱ ይጮህብናል። ውሸቴ ትናንት አልቆብኛል። ስለ አቶ በራሶ የማውቀውን ነገርኳት፤ ሚስታቸውን ሲስተር እንዳስታመሙላቸው፣ አምስት ዓመት አቮካዶ ማምጣታቸውን፣ አዲሱን ኮት፣ ከበር መመለሳቸውን። ኮቱ ላይ ስደርስ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

«ደህና ሰው ነው?»

«እናትሽ በር ላይ ቆመው ሞተሩን በዓይናቸው ሸኝተውታል» አልኳት። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረኝም።

እግሯን ከሚኒባሱ አወረደች። ራሷ እስክትነግረኝ አልሄድም ብላ ቦርሳዋን ከእጄ ተቀብላ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለሰች። ያን ቀን እናትና ልጅ በር ዘግተው ዋሉ። መጀመሪያ ልቅሶ ሰማን፤ ቆይቶ ሳቅ ሰማን። ታሪኩና እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ያልሰማን መሰልን።

በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ በራሶ ኮታቸውን ለበሱ። በሲስተር በኩል ሆኖ ሽማግሌዎቹን የተቀበለው ማን መሰላችሁ? ታሪኩ ነው፤ በጌዴኦኛም በአማርኛም እሱ ይሻላል ተባለ። እኔ ወንበር አመላለስኩ። አቶ ወልዴ ደግሞ ልጃቸው «እኔ ጋ ይሁን» ብላ ስለወሰደቻቸው ዛሬ ሐዋሳ ናቸው፤ ሐይቁ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ተሰቅለዋል አሉ። ለጂኦግራፊ መምህር መልካም ቦታ ነው።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ከተነሱ በኋላ ሕይወትን ለብቻዋ አግኝቼ ያበሳጨኝን ነገር ጠየቅኳት። እኔ ሦስት ቀን ለፍቼ፣ ግድግዳ ዳብሼ፣ ሰው መርምሬ የደረስኩበትን አንቺ እንዴት አወቅሽው? አልኳት።

«ስልክ ላይ ሳለሁ የእውነት ተሰረቀ ብዬ ነበር» አለች። «ቅዳሜ በሩን ገፍቼ ስገባ ግን ወዲያው ገባኝ። እማ አባዬ ካረፈ ጀምሮ ፀጉሯን በሻሽ ነው የምታስረው። ያን ቀን ሹሩባ ተሠርታ ነው ያገኘኋት። ባሏ ከግድግዳ የተሰረቀባት ሴት ሹሩባ ትሠራለች? ራሷ እስክትናገር ስጠብቅ አንተ መስታወት ሰበርኩ ብለህ ገባህበት።»

አሁን ተቆጥታችሁብኛል፤ አውቃለሁ። በመርማሪ ታሪክ ሕግ ፍንጭን ከአንባቢ መደበቅ ትልቅ ነውር ነው፤ ስለ ሹሩባው እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈስኩላችሁም። በማርያም፣ ደብቄያችሁ አይደለም። ሲስተር ሹሩባውን የተሠሩት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው አሉ፤ ዓርብም ቅዳሜም ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንነጋገር ነበር። እኔ ግድግዳውን ነበር የማየው።